መረሬ አፈርና የድልድይ ፓይል፦ ወቅትን ስለ መቁጠር

በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን አካባቢ የደረሰው ተከታታይ የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ጎላ ካሉት መካከል የታኅሣሥ 26ቱና የየካቲት 7ቱ የደረሱት በበጋ ነበር። በአንጻሩ ነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም. ከተማዋን በብርቱ ያናወጠው የላንጋኖ አካባቢ መንቀጥቀጥ በክረምት እኩሌታ የመጣ ነው። መንቀጥቀጥ ወቅት አይመርጥም፤ መረሬ አፈር ግን ከወቅት ወቅት ጠባዩን ይለውጣል። የድልድይ መሠረትን ስናሰላ ይህን ልዩነት ልንዘነጋው አይገባም እላለሁ።

በምኖርበት በቦሌ ሚካኤል ጥቁሩ መረሬ በጥር እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ በሐምሌ አብጦ ይገጥማል። ድልድይ እንዲህ ባለ ሥፍራ ሲሠራ ፓይል፣ ማለትም ጥልቅ የኮንክሪት ምሰሶ፣ መረሬውን አልፎ ከሥሩ ባለው የእሳተ ገሞራ አለት ላይ እንዲያርፍ ይደረጋል። ለቁም ጭነት ይህ አስተማማኝ መፍትሔ ነው። የመሬት መንቀጥቀጥ ግን በዋናነት ወደ ጎን የሚገፋ ነው።

ፓይል በዚያን ጊዜ ሁለት ዓይነት ጫና ይደርስበታል። አንደኛው ከላይ የሚመጣ ነው፤ የድልድዩ ክብደት ሲወዛወዝ የፓይሉን ራስ ይገፋል፣ ይስባል። ሁለተኛው ከአፈሩ የሚመነጭ ነው፤ አፈሩ ራሱ ሲናጥ ፓይሉን ያጎብጠዋል፤ ጉብጠቱም ለስላሳው አፈር ከጠንካራው አለት በሚገናኝበት ወሰን ላይ ይበረታል።

ወቅት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በበጋ አፈሩ ከፓይሉ ራስ ሲሸሽ ክፍተት ይፈጠራል፤ የፓይሉ የላይኛው ክፍል ድጋፍ አጥቶ እንደ ነጻ ዓምድ ይቆማል። የጎን ጥንካሬው ይቀንሳል፣ የድልድዩ መፈናቀል ይጨምራል፣ ከፍተኛው ጉብጠትም ወደ ታች ይወርዳል፤ ምናልባትም ስታፋው ወደ ሳሳበት ጥልቀት። በክረምት አፈሩ ፓይሉን አቅፎ ሲይዘው ደግሞ ጫናው ፓይሉ ከላይኛው የኮንክሪት ማሰሪያ ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ይከማቻል። ስለዚህ አንዱን ሁኔታ ብቻ «የከፋ» ብሎ መምረጥ አያዋጣም።

በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው የሕንፃ ደንብ ለአዲስ አበባ የመሬት ስበትን 5 በመቶ የሚያህል ፍጥንጥነት ሲያስብ፣ የ2015ቱ እ.ኤ.አ. ወደ 10 በመቶ አሳድጎታል። ጭማሪው በከፊል የመንቀጥቀጡ ታሳቢ የመመለሻ ዘመን ከ100 ወደ 475 ዓመት በመርዘሙ የመጣ ነው። በእኔ እይታ፣ ስለ ንዝረቱ መጠን የምናደርገውን ጥንቃቄ ያህል ስለ አፈሩ ሁኔታ አላደረግንም። የተቆፈረው ጉድጓድ የሚነግረን የአንድን ቀን አፈር ብቻ ነው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። የአፈር ምርመራ ዘገባ የተቆፈረበትን ወርና የእርጥበቱን መጠን ጎላ አድርጎ ይመዝግብ። ስሌቱ ለበጋና ለክረምት በየራሱ ይሠራ፤ የበጋው ስሌት የላይኛውን የተሰነጠቀ አፈር ድጋፍ እንደሌለ ይቁጠረው። ስታፋውም ሁለቱ ስሌቶች ከፍተኛ ጉብጠት በሚያሳዩበት ጥልቀት ሁሉ ሳይሳሳ ይዝለቅ። ለድኅረ ምረቃ ተማሪም በአንድ የሙከራ ፓይል ላይ በጥርና በነሐሴ የጎን ግፊት ፈተና ማካሄድ ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ፣ ለከተማችንም የሚጠቅም ሥራ ነው።