ማን አስጀመረህ?

ሲጋራ የሚያጨስን ሰው «ማን አስጀመረህ?» ብትለው ነገር የፈለግኸው ይመስለዋል። በስልኩ የተኩስ ጌም የሚጫወትን ልጅ ግን ይህንኑ ብትጠይቀው ፊቱ ይፈካል፤ ስልኩን ደረቱ ላይ አጋድሞ ይተርክልሃል። እኔ በበኩሌ ሰሞኑን ይህችን ጥያቄ ይዤ ዶርም ለዶርም ስዞር ሰነበትኩ። መጠይቅ በትኜ፣ መቶኛ አስልቼ አይደለም፤ ማታ ማታ ካልጋ ጫፍ ቁጭ እያልኩ ነው።

አንዱ የደብረ ብርሃን ልጅ ጠባሴ አካባቢ ፀጉር ቤት ወረፋ ሲጠብቅ ነው ያወቀው። ፀጉር ቆራጩ ደንበኛ ወንበር ላይ እንደተቀመጠበት «አንዴ ያዝልኝማ፣ እንዳልሞት!» ብሎ ስልኩን አሸከመው። ሌላው ከአጎቱ ባጃጅ ኋላ ተቀምጦ፣ አጎቱ ተራ እስኪደርሰው ሲጫወት በትከሻው ላይ አሻግሮ እያየ ነው የለመደው። አንዲት የክፍላችን ተማሪ ደግሞ ወንድሟ ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክቶ በወጣ ቁጥር በስሙ እየገባች ትጫወት ነበር። ደረጃው ከፍ ብሎ ሲያገኘው ጊዜ ልጁ በራሱ ጉብዝና ሲኩራራ ከረመ! እሷ እስከ ዛሬም የምትጫወተው በወንድ ስም ነው። «በሴት ስም ከገባሁ ከጠላት ጥይት በፊት የቡድኔ ስድብ ይደርሰኛል» ትላለች።

እንግዲህ ከጠየቅኋቸው ውስጥ «ማስታወቂያ አይቼ ነው» ያለኝ የለም። «ፈልጌ አገኘሁት» ያለኝም የለም። የሁሉም ታሪክ የሚጀምረው ከጎን በተቀመጠ ሰው ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ በእኛ አገር ግን ቀላል አይደለም። ለምን እንዳልሆነ የራሴንና የጓደኞቼን ታሪክ ይዤ ላስረዳ።

እኛ ሰፈር በሩን የከፈተው ሚኒ ሚሊሻ ነው። ዘመኑ 2010 ዓ.ም.፣ እኛም ስምንተኛ ክፍል ነበርን። ጌሙ ሙሉ ስሙ «ዱድል አርሚ 2» ነው ቢባልም በዚያ ስም የሚጠራው ሰው አላጋጠመኝም። ልጅ በደብተሩ ጠርዝ ላይ የሞነጫጨራቸው የሚመስሉ ትንንሽ ወታደሮች በጀርባቸው ሞተር አዝለው ይበራሉ፤ ነዳጃቸው ሲያልቅ ይወድቃሉ፤ ከዋሻ ዋሻ እየተሹለከለኩ ይታኮሳሉ። የሞተ ወዲያው ተነሥቶ ይቀጥላል።

የተወደደው ግን በሥዕሉ ማማር አይደለም። መጠኑ ትንሽ ስለሆነ በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ በአፍታ ይተላለፋል። ለመጫወትም ዳታ አይጠይቅም። አንዱ ሆትስፖት ይከፍታል፣ ሌላው ይገናኛል፣ እስከ 12 ሰው ድረስ በአንድ ሜዳ ይዋጋል። የአምስት ሳንቲም ወጪ የለበትም። ሆትስፖት የከፈተው ልጅ የዕለቱ ንጉሥ ነው፤ ባትሪው ካለቀ ጦርነቱም አለቀ።

ታዲያ ሆትስፖት ሩቅ ስለማይደርስ ከጠላትህ ጋር ትከሻ ለትከሻ መቀመጥ ግድ ነበር። የገደለህ ልጅ ጆሮህ ሥር ሲስቅ ትሰማዋለህ። የደብረ ብርሃንን ብርድ ደግሞ የማያውቅ የለም፤ 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጠን በታኅሣሥ ጧት ጣት ይደነዝዛል፤ የደነዘዘ ጣት ተኩስ ብትለው አይተኩስም። ስለዚህ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የታወቀች ከተማ ልጆች እንደመሆናችን አንድ ብርድ ልብስ ለአራት ተከናንበን፣ ከውስጥ እንደ ጧፍ በአራት ስልክ እየበራን እንዋጋ ነበር።

አንድ ቀን እናቴ ብርድ ልብሱን ገልጣ «ምን እያደረጋችሁ ነው?» አለች።

«ሚሊሻ!» አልኳት።

«የምን ሚሊሻ? ማን መዘገበህ?» ብላ ደነገጠች። እሷ የምታውቀው ሚሊሻ በቀበሌ ተመዝግቦ፣ ክላሹን አንግቶ፣ ሌሊት ሰፈር የሚጠብቀውን ገበሬ ነው። እኛ በሳቅ ፈረስን። እሷ ግን አልሳቀችም።

ቀጥሎ የመጣው ፐብጂ ነው። በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋ። አዲስ አበባ ይሠራ የነበረ የአንድ ጓደኛችን ወንድም ሥራው ቆሞበት ሲመለስ ጌሙን በስልኩ ይዞ መጣ። ከአንድ ጊጋባይት በላይ ስለሆነ ዳታ ገዝቶ ማውረድ የማይታሰብ ነበር። ከእሱ ስልክ ወደ አንዱ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ተሻግሮ በሳምንቱ ሰፈሩን አዳረሰ። በዚያ ወቅት እጅ ለእጅ መነካካት ተከልክሎ ነበር፤ ጌሙ ግን እጅ ለእጅ ተላለፈ።

ለማያውቁት አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። ብሬንዳን ግሪን የተባለ የአየርላንድ ሰው አንድ የደቡብ ኮሪያ ድርጅት ውስጥ ሆኖ ያዘጋጀው ጌም ነው። በኮምፒዩተር በመጋቢት 2009፣ በስልክ ደግሞ በመጋቢት 2010 ለዓለም ቀረበ። 100 ሰው ከአውሮፕላን በጃንጥላ ዘሎ አንድ የተተወ ደሴት ላይ ያርፋል። ሁሉም ባዶ እጁን ነው፤ ባለቤት አልባ ቤት እየገባ ጠመንጃ፣ ጥይትና ፋሻ ይለቅማል። አንድ ትልቅ ክብ ዙሪያውን ከቦ ቀስ እያለ ይጠባል፤ ከክቡ ውጭ የቀረ ይሞታል። በመጨረሻ ቆሞ የተገኘ ሰው ወይም ቡድን ያሸንፋል። ላሸነፈ የዶሮ እራት እንደሚገባው የሚያበሥር ጽሑፍ ይወጣል። የእኛ ሰፈር ልጅ መጀመሪያ ሲያሸንፍ «እና ዶሮ ወጡስ?» ብሎ መጠየቁ አሁንም ይወራል።

ኮሪያ ለእኛ እንግዳ ስም አይደለም። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ቃኘው ሻለቃ የዘመተበት፣ ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን የወደቁበት አገር ነው። አያቶች እውነተኛ ጥይት ከተኮሱበት አገር ለልጅ ልጆች የውሸት ጥይት መጣ።

ጀማሪን የሚይዝበት ብልሃትም አለው። በመጀመሪያዎቹ ግጥሚያዎች ፊትህ ከሚመጡት ብዙዎቹ ሰዎች አይደሉም፤ ቦት የሚባሉ፣ ኮምፒዩተር የሚነዳቸው ምስኪኖች ናቸው። ቀጥ ብለው ቆመው ይመቱልሃል። አንተም ጀግና የሆንክ ይመስልሃል። ከፍ ስትል ግን እውነተኛ ሰው ይገጥምህና ልክህን ታውቃለህ። በዚያ ላይ ግንኙነቱ እስከ ሩቅ አገር ሄዶ ስለሚመለስ በስክሪኑ ጥግ ያለችው የፒንግ ቁጥር ቀይ ስትለብስ፣ አንተ ሳትተኩስ ሞተህ ታድራለህ።

አሁን ወደ ዋናው ሰው ልምጣ። በ2013 ዓ.ም. አሥራ አንደኛ ክፍል ስንገባ ከአንኮበር፣ ከጎረቤላ አካባቢ የመጣ ልጅ ጓዳችን ሆነ። ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይቶ፣ በየሁለት ሳምንቱ ስንቁን ከአገሩ እያመጣ የሚማር ነው። ስልክ የያዘው ከእኛ ሁሉ በኋላ ነው። ፐብጂን ያስጀመርነው እኛ ነን። ይሁን እንጂ በመጀመሪያው ቀን እሱ አስተማሪ፣ እኛ ተማሪ ሆንን።

እኛ «ኤኬኤም» የምንለውን አይቶ «ይቺማ ክላሽ ናት» አለ። «ካር 98» የምንለውን ሲያይ ደግሞ «አያቴ ጋ ያለው ማውዘር እኮ ነው! እንዲህ አይጎረስም፤ ተኳሹም እንዲህ አይፈጥንም» ብሎ ተከራከረ። የትኛው ጥይት ለየትኛው እንደሚሆን እኛ በቀለም ስንለይ እሱ በስም ያውቀዋል።

አገሩ አንኮበር ነዋ! በ1833 ዓ.ም. የእንግሊዙ ካፒቴን ሃሪስ ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ካመጣው ስጦታ ውስጥ ጠመንጃና መድፍ ነበረበት። ዐፄ ምኒልክም ወደ እንጦጦ ከመውጣታቸው በፊት መናገሻቸው ይኸው ተራራ ነበር። የአንኮበር ልጅ ስለ ጠመንጃ ከጌም አይማርም።

ነገር ግን የሚገርመው ይህ አልነበረም። ልጁ አይተኩስም! ከጠላት ጋር ፊት ለፊት ሲገጥም ያመነታል። በቡድን ስትጫወት የተመታ ሰው ወዲያው አይሞትም፤ በጉልበቱ እየዳኸ ጓደኛው መጥቶ እስኪያነሣው ይጠብቃል። እኛ እንዲህ የወደቀውን አግኝተን እንጨርሳለን። እሱ ግን ጥሎት ያልፋል። ያ ሰው ይነሣና ከኋላ ይፈጀናል። «ምን ነካህ?» ብለን ስንጮህበት፣

«አያቴ ባዶም ቢሆን አፈሙዙን ወደ ሰው አታዙር ይላሉ። የወደቀማ ጭራሽ አይመታም» አለን።

«ጌም እኮ ነው!»

«አውቃለሁ ጌም መሆኑን። እጄ ግን አያውቅም።»

በዚህ ምክንያት ስንት ጊዜ ተሸነፍን መሰላችሁ! ይሁን እንጂ ከእሱ ጋር መጫወት ማንም አልተወም። የወደቅን እንደሆን የትም ብንሆን፣ ጥይት እየዘነበበትም ቢሆን መጥቶ ያነሣናል። «ቆይ፣ አትዳክር፣ መጣሁ» የሚለው ድምፁ በጆሮ ማዳመጫ ሲመጣ ከዶሮ እራቱ ይበልጥ ደስ ይላል።

በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትንና ደብረ ሲናን ደረሰ። ከደብረ ሲና እስከ እኛ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ተፈናቃዩ ፍራሹን በአይሱዙ ጭኖ ወደ እኛ ሲመጣ፣ ከእኛም ገሚሱ ወደ አዲስ አበባ ይሸሽ ነበር። የአንኮበሩ ልጅ ወደ አያቱ ሄደ። ባለቤት አልባ ቤት፣ የተተወ ዕቃ፣ እየጠበበ የሚመጣ ክብ፤ ከዚያ ወዲህ እነዚህን በስልክ ላይ ማየት ለጊዜው አስጠላን። ማንም ተው ሳይለን ለብዙ ሳምንት አልከፈትነውም።

ከዚያ ሐምሌ 2015 መጣ። በወሩ መጨረሻ በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ የስልክ ዳታ ተቋረጠ። በከተማችን ዙሪያም ተኩስ ይሰማ ነበር። የአንኮበሩ ልጅ መንገድ ተዘግቶበት እኛ ቤት ከረመ። ከቤት አይወጣ፣ ኢንተርኔት የለ፣ ምን ይደረግ? ስልካችን ውስጥ ተረስቶ የኖረው ሚኒ ሚሊሻ ትዝ አለን። ሆትስፖት ከፈትን። ከአምስት ዓመት በኋላ ያው ብርድ ልብስ ሥር ተመለስን።

በግቢያችን ከወለጋ ተፈናቅላ የመጣች፣ ለጎረቤት እንጀራ እየጋገረች የምትኖር እናት ነበረች። ዘጠኝ ዓመት የሚሆነው ልጇ መጥቶ ከብርድ ልብሱ ጫፍ ቆመ። አያወራም፤ ያያል ብቻ። የአንኮበሩ ልጅ «ና ግባ» አለው። ከዚያ ስልኩን ከመስጠቱ በፊት ድምፁን አጠፋው።

እኛ ገርሞን አየነው። ተኩሱን ካልሰማህ እንዴት ትጫወታለህ? እሱ ግን ምንም ሳይል የኛንም ስልክ አንድ በአንድ እየተቀበለ ድምፁን አጠፋ።

ትንሹ ልጅ ጥቂት ከሞካከረ በኋላ ተመታ። ትንሹ ወታደሩ ወደቀ። ወዲያው ደግሞ ተነሣ። ልጁ ቀና ብሎ፣

«ይነሣሉ እንዴ?» አለ።

«አዎ።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ» አለው የአንኮበሩ ልጅ።

ልጁ ትንሽ ዝም አለና መጫወቱን ቀጠለ። ያን ቀን እስኪመሽ አልወጣም። በማግሥቱም ሳይጠራ መጣ። በሦስተኛው ቀን ገድሎኝ ሳቀ፤ ሲስቅ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

በእነዚህ ጌሞች ላይ ትልልቆቹ የሚያነሡት ወቀሳ አለ። ልጆችን ከጠመንጃ ጋር ያስተዋውቃል ይላሉ። ጊዜ መብላቱን እኔም አልክድም፤ የፈተና ሰሞን ፐብጂ ስንቱን እንዳስተኛው ግቢው ይመስክር። ነገር ግን ወቀሳው ከሌላ አገር የመጣ ይመስለኛል። በሌላ አገር ልጅ መጀመሪያ ጌሙን፣ ኋላ (ከናካቴውም ካየ) ጠመንጃውን ያያል። የእኛ ቅደም ተከተል ሌላ ነው። እናቴ ሚሊሻን ታውቅ ነበር። የአንኮበሩ ልጅ ማውዘር ያውቅ ነበር። ያ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ደግሞ ከሁላችንም በላይ ያውቃል። ጠመንጃው ቀደመን፤ ጌሙ በኋላ መጣ።

ስለዚህ «ማን አስጀመረህ?» የሚለው ጥያቄ በእኛ ዘንድ ክብደት አለው። ጌሙ በሁሉም ስልክ ላይ አንድ ነው። የሚለያየው ስልኩን የሰጠህ ሰው ነው። አንዱ «የወደቀውን ጨርሰው!» ብሎ ያስጀምርሃል፤ ሌላው ድምፁን አጥፍቶ።

ዳታው ከብዙ ወራት በኋላ ሲመለስ ወደ ፐብጂ ተመልሰናል። የአንኮበሩ ልጅ ዛሬ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ቅዳሜ ማታ እንገናኛለን። አሁንም የወደቀ አይመታም፤ አሁንም እንሸነፋለን። ያ ትንሽ ልጅ ከእናቱ ጋር ከግቢያችን ወጥቶ ሌላ ቦታ ገብቷል። ዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ይሆነዋል፤ ምናልባትም እሱ በተራው የሚያስጀምረው ሌላ ልጅ አግኝቶ ይሆናል።