ሰካራም የተባለው ቄስ

ከሥራ ደክማችሁ ገብታችሁ፣ ልጆችም ከተኙ በኋላ የምትገልጡት መጽሐፍ አላችሁ? እኔ ሰሞኑን የፈረንሳዊውን ደራሲ የዦርዥ ቤርናኖስን «የአንድ የገጠር ቄስ ማስታወሻ» በእንግሊዝኛ ትርጉሙ አነበብኩ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1936 ታትሞ በዚያው ዓመት የፈረንሳይ አካዳሚን የልብ ወለድ ታላቅ ሽልማት አገኘ። በ1951 ደግሞ ሮቤር ብሬሶን ፊልም አደረገው። የመንፈሳዊ ሕይወት መጽሐፍ ነው፤ እኔን ግን ከሁሉ ይልቅ የነካኝ በውስጡ ያለው የሐሜት ነገር ነው።

ታሪኩ አምብሪኩር በምትባል የሰሜን ፈረንሳይ መንደር የሚያገለግል አንድ ወጣት ቄስ የጻፈው ማስታወሻ ነው። ቄሱን ሆዱን ያመዋል። የሚረጋለት ምግብ ዳቦና ርካሽ የወይን ጠጅ ብቻ ነው። መንደርተኛው ግን ጠርሙሱን እንጂ ሕመሙን አያይምና «ሰካራም ነው» ይለዋል። ትንሽ ልጇ ሞቶባት ለዓመታት ፈጣሪዋን ተቀይማ የኖረችን አንዲት እመቤት አነጋግሮ ከአምላኳ ያስታርቃታል። እሷም በዚያው ሌሊት በድንገት ትሞታለች። አሁን ደግሞ «አስጨንቆ ገደላት» ተብሎ ይወራበታል። ሰላም ማግኘቷን የገለጸችበት ደብዳቤ በእጁ ሳለ፣ ራሱን ለመከላከል አላወጣውም። በመጨረሻ ሐኪም ሲያየው በሽታው የጨጓራ ካንሰር ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ከደንኩት። አንዲት ጎረቤታችን ትዝ አለችኝ። ቡና ስንጠራት «ይቅርብኝ» ትል ነበር። ለማኅበር ስንሰበሰብም ጥቂት ቀምሳ ትነሣለች። «ኮራችብን» ተባለች። ቃሉን የጀመርኩት እኔ አይደለሁም፤ ሲኒ እያቀበልኩ ግን አብሬ ስቄአለሁ። ሆዷ ቡናም በርበሬም እንደማይችል የሰማነው ሆስፒታል ከገባች በኋላ ነው። ልጠይቃት ስሄድ ቀድማ የጠየቀችኝ ስለ ልጆቼ ጤንነት ነበር። «ይቅር በይኝ» ልላት አስቤ ነበር፤ አፌ አልታዘዘልኝም። የወሰድኩላትን ብርቱካን አስቀምጬ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲያ በሕይወት አላገኘኋትም።

መንደሩ የናቀውን ቄስ ይህን ያህል አንባቢ የወደደው ለምን ይመስላችኋል? እኛ ማስታወሻውን ስላነበብን ነው። የጎረቤታችንን ማስታወሻ ግን ማንም አይሰጠንም። እንግዲህ እህቶቼ፣ ቡና ላይ የቀረች ሴት ስም ሲነሣ ከመሳቃችን በፊት አንዳችን ተነሥተን በሯን እናንኳኳና «ምነው፣ ደህና አይደለሽም ወይ?» እንበላት።