እጅ ከመዘርጋት በፊት

ፎቶ ቤት ገብቶ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ምን ያህል ራሱን ለሌላ ሰው እንደሚተው አስተውላችኋል? መብራቱ ዓይኑ ላይ በርቷል፤ «እንዳይነቃነቁ» ተብሏል። በዚህ መሀል የማያውቀው እጅ መጥቶ አገጩን ቢይዘው፣ ዝም ከማለት በቀር ምን ያደርጋል?

ድሮ ተነሺን ይዞ ማቆም ምክንያት ነበረው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፎቶ ለመነሳት ለብዙ ሰከንዶች ሳይነቃነቁ መቆየት ግድ ስለነበር፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ፎቶ ቤቶች ጭንቅላትን ከኋላ የሚደግፍ ብረት ይቆም ነበር። ዛሬ ካሜራው ዓይን ተርገብግቦ ሳያበቃ ያነሳል። ሰውን ይዞ ማቆም ለምን?

ጥሩ ፎቶ አንሺ በአፉና በገዛ አካሉ ይሠራል። ፊት ለፊት ቆሞ «እንደኔ ያድርጉ» ይላል፤ ክብደቱን የኋላ እግሩ ላይ ያሳርፋል፣ ትከሻውን ያዞራል፣ አገጩን ትንሽ ዝቅ ያደርጋል። ተነሺው እንደ መስታወት ይከተለዋል። የሙሽራዋ ቬሎ ከተንሸራተተ ሚዜዋ አለች፤ የእናት ሻሽ ከተጣመመ ልጅ አለ። ማንም ከሌለ፣ «እማማ፣ ነጠላዎን ላስተካክልልዎ?» ብሎ መልስ መጠበቅ ነው። ዝም ካሉ አልፈቀዱም። እጮኛሞችንም «እቀፋት» ብሎ ከማዘዝ በፊት መጠየቅ ደግ ነው፤ ቤተሰብ ፊት መተቃቀፍ የሚከብዳቸው ብዙ ናቸው።

የፎቶው ውበትም ከዚሁ ይመጣል። ያልፈቀደው እጅ የነካው ሰው ትከሻው ይሰበሰባል፣ ፈገግታው ከከንፈሩ አያልፍም፤ ካሜራም ይህን አይደብቅም። እናም ፎቶ አንሺዎች፣ ጠይቁ። ተነሺዎችም «ራሴ አስተካክለዋለሁ» ማለት መብታችሁ ነው፤ ሳትሳቀቁ በሉት።