ፎቁ ለብቻው ይታሰባል

እዚህ አገር መስኮት የሚጸዳው በጋዜጣ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ተጨንቄ የጻፍኩት ዓምድ ቅዳሜ ላይ አቼቶ ጠጥቶ የአንዱን ቤት መስታወት ሲወለውል እንደሚውል አውቃለሁ፤ ቅሬታም የለኝም። አሁን ግን ነገሩ ሙያ ሆኗል። ከተማው መስታወት ለብሶ የለ! በ2014 ዓ.ም የተመረቀው የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ብቻ ከ200 ሜትር በላይ ነው። እሱን ማን በጋዜጣ ይዘልቀዋል?

ሙያውን በቅርብ ያየሁት የምሠራበት ቢሮ መስኮቱን ለማስጸዳት እንደ ደንቡ ሦስት ፕሮፎርማ ሲሰበስብ ነው። ኮሚቴው ውስጥ ስለነበርኩ ሦስቱንም አነበብኩ። ሁለቱ «የመስኮት ጽዳት፣ በካሬ ይህን ያህል» ብለው በአንድ መስመር ጨርሰውታል። ሦስተኛው ገጽ ሙሉ ነው። ውስጡ ለብቻ፣ ውጪው ለብቻ፤ በመሰላል የሚደረስበት አንድ ዋጋ፣ ከዚያ በላይ ያለው ሌላ ዋጋ።

ሰብሳቢያችን ተቆጡ። «መስታወት ያው መስታወት ነው! ፎቅ በወጣ ቁጥር የሚወደደው ምን ሆኖ ነው?»

ባለሙያው ተጠርቶ መጣ። ረጋ ያለ ወጣት ነው።

«ጋሼ፣ እኔ የማስከፍለው ለመስታወቱ አይደለም» አለ።

ከዚያ አስረዳን። ሰፊው መስታወት ርካሽ ነው፤ ሳሙና ተቀብቶ በጎማ መጥረጊያ ሁለት ሦስቴ ሳብ ሳብ ከተደረገ አለቀ። የሚያስቸግረው በትንንሽ መስታወት የተከፋፈለው የድሮ የብረት መስኮት ነው፤ ጎማው አይገባለትም፣ እያንዳንዱ ጥግ በጨርቅ ይደርቃል። ፍርግርግ ካለው ደግሞ እጅ በብረቱ መሃል እየሾለከ ነው የሚሠራው። ተንሸራታቹ አልሙኒየም ሲታይ ቀላል ነው፤ ጊዜ የሚበላው ግን አቧራና የሞተ ዝንብ የሞላበት ሐዲዱ ነው። ሲሚንቶና ቀለም የተንጠባጠበበት አዲስ ሕንፃ ዋጋው ለብቻ ነው። ሲሚንቶ ከቆየ መስታወቱን ይበላዋል፤ በደረቁ በምላጭ የፋቀ ሰው ደግሞ ጭሮት መስታወት ከፋይ ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ጥግ ሞክሮ፣ ባለቤቱን አስፈርሞ ነው የሚጀምረው።

ቀጥሎ ወደ ፎቁ መጣ። የማይከፈተው መስታወት ከጣሪያ ተንጠልጥሎ ነው የሚጸዳው። ለአንድ ሰው ሁለት ገመድ፣ ለየብቻ የታሰረ፤ አንዱ የሚሠራበት፣ ሌላው ያኛው ቢከዳ የሚይዘው። ነፋስ ከተነሳ ቀኑ ይቃጠላል። ጣሪያ ላይ ደግሞ ገመዱን የሚጠብቅ ሰው አለ።

«ቁጭ ብሎ ለሚውል ነው የምንከፍለው?» አሉ ሰብሳቢያችን። ያንን የጣሪያ ሰውዬ ለማስቀነስ ያልሞከሩት ነገር የለም።

እኔ ርካሾቹን ሁለት ወረቀቶች ደግሜ አየኋቸው። ገመድ የሚል ቃል የለባቸውም። ሁለት ስብሰባ ከፈጀ በኋላ ሦስተኛው አለፈ።

ከዚያ ወዲህ ሰፈሬን የማየው በሌላ ዓይን ነው። የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። ፋሲካ ሲደርስ አራተኛ ፎቅ ላይ የቤት ሠራተኞች መስኮቱ ደፍ ላይ ቆመው፣ በአንድ እጅ ክፈፉን ይዘው፣ በሌላው ውጪውን ሲወለውሉ አያለሁ። ገመድ የለ፣ ጣሪያ ላይ የሚጠብቅ የለ። ዋጋም የለውም፤ በወር ደመወዙ ውስጥ ነው። አንዷን ጎረቤቴን «ኧረ ልጅቷ ትወድቅብሻለች» ብላት «ለምዳዋለች እኮ» አለችኝ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ልጅቷን ማታ ትምህርት ቤት የምትልክ ናት። ሕጉም ቢሆን ብዙ አይረዳም፤ የ2011 ዓ.ም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የቤት ሠራተኛን አይመለከትም። ሲንጋፖር ግን በ2012 እ.ኤ.አ የቤት ሠራተኞች ከፎቅ እየወደቁ ሲሞቱባት፣ ፍርግርግ ተገጥሞ ካልተቆለፈና አሠሪ አጠገብ ካልቆመ በቀር የፎቅ መስኮት ውጪውን እንዳያጸዱ ከልክላለች።

ባለሙያው ቢሮ ሊሠራ ሲመጣ ስለ እኛ አራተኛ ፎቅ ዋጋ ጠየቅኩት። የመስኮቱን ፎቶ አየ፣ ገመድ የሚታሰርበት እንዳለ ጠየቀኝ። የለም።

«እንግዲያው ከውጪ በምንም ዋጋ አልሠራውም» አለ። «ተንሸራታች ስለሆነ ግን መስታወቱን ወደ ላይ አንስቶ ከሐዲዱ ማውጣት፣ ቤት ውስጥ አጥቦ መመለስ ይቻላል። ለሁለት ሰው፣ አንዱ መስኮት ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው።»

ለጎረቤቴ ነገርኳት። መስኮቶቿን በጣቷ ቆጠረች፤ አምስት ናቸው።

«ሁለት ሰዓት ተኩል!» አለች።