በበሰቃ ዳር በምድር ባቡር

በሌላው ዓለም በባሕር ዳርቻ ስለሚጓዙ ባቡሮች ብዙ ተጽፏል። የእኛ ምድር ባቡር ግን፥ የተሠራው ወደ ባሕር ለመድረስ ሆኖ ሳለ፥ 784 ኪሎ ሜትር ያህል በደጋና በበረሓ ተጕዞ ባሕሩን የሚያገኘው ከመጨረሻው ጣቢያ ከጅቡቲ ሲደርስ ብቻ ነበር። ስለዚህ ከለገሃር ተነሥቶ ውሃ እያየ ለመጓዝ የሚሻ መንገደኛ ተስፋው ሁሉ መተሐራ አጠገብ በሚገኘው በበሰቃ ሐይቅ ላይ ነበር። በአማርኛችን ሐይቁንም ባሕር ማለት የተለመደ ነውና በሰቃን ባሕር ብንለው የሚቀየመን አይኖርም።

እኛም ያን መንገድ በ1980ዎቹ ዓ.ም. ተጕዘንበታል። ቃሊቲንና አቃቂን በማለዳ አለፍን፤ የቢሾፍቱ ሐይቆች በገደላቸው ውስጥ ተሸሽገው ስለሚውሉ ከፉርጎው መስኮት አልታዩንም። ከወለንጪቲ ወዲያ ሙቀቱ በርትቶ ብዙው መንገደኛ አንቀላፋ። ከዚያም የፈንታሌ ተራራ ታየ፤ ከእሳተ ገሞራ የወጣው ጥቁር ድንጋይ ሜዳውን ሸፍኖት ነበር፤ ከድንጋዩም መካከል ውሃው ድንገት ብቅ አለ። ባቡሩ ዝግ ብሎ በድንጋይ ድልድሉ ላይ ሲሄድ ሐዲዱ ከዐይን ስለሚሰወር በውሃ ላይ የምንንሳፈፍ መሰለን። ሕፃናቱ ወደ መስኮቱ ተሻሙ። ወደ ድሬ ዳዋ የምትመላለስ አንዲት ነጋዴ ግን ነጠላዋን እንደ ተከናነበች ቀና እንኳ አላለችም።

ይህ ውበት ዕዳ ነበረበት። በ1950 ዓ.ም. ገደማ ከ3 ካሬ ኪሎ ሜትር እምብዛም የማይበልጠው ሐይቅ በግማሽ ምእት ዓመት ውስጥ ከ40 በላይ ሆኗል። ሊቃውንት ምክንያቱን ከከርሰ ምድር ውሃና ከመስኖ እርሻ ጋር ያያይዙታል። ውሃው ጨዋማ በመሆኑ ለእርሻም ለመጠጥም አይበጅም፤ የከረዩ አርብቶ አደሮች የግጦሽ መሬታቸውን ወስዶባቸዋል። መንገደኛው በመስኮት የሚያደንቀው ውሃ ለሐዲድ ሠራተኛው የማያልቅ ሥራ ነበር፤ ውሃው በቀረበ ቍጥር ድልድሉ በድንጋይ ከፍ ማለት ነበረበትና።

ይህን የነገሩን በወጣትነታቸው ሐዲድ ሲጠግኑ የኖሩ አንድ ሽማግሌ ዘመዳችን ናቸው። በ2011 ዓ.ም. ስንቅ ይዘን ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ልንጠይቃቸው ሄድን። የታሰሩበትን ጉዳይ እዚህ ማንሣት አያስፈልግም።

«በመተሐራ በኩል ነው የመጣችሁት?» አሉን።

«አዎን ጋሼ፤ በመኪና።»

«ድልድሉ አለ?»

በኤሌክትሪክ የሚሠራው ባቡር በ2009 ዓ.ም. መመረቁን፥ በአሮጌው ሐዲድ ላይ ግን ከአዲስ አበባ ድሬ ዳዋ የሚመላለስ ባቡር እንደሌለ ልናስረዳቸው ጀመርን።

«እሱንስ ሰምቻለሁ» ብለው አቋረጡን፤ «የጠየቅኋችሁ ውሃውን ነው።»

እርስ በርሳችን ተያየን። የእጃቸው ሥራ እንዳለ ነው ብለን ልናጽናናቸው እንችል ነበር፤ ሄዶ የሚያይ ሰው እንዳልሆኑ እናውቃለን። ነገር ግን ሐዲድ ሲጠብቅ የኖረን ሰው ስለ ሐዲዱ መዋሸት ነውር መሰለን። ስለዚህ ውሃው እጅግ መጠጋቱን ነገርናቸው።

«ስንት ክንድ ቀርቶታል?»

በግምት ነገርናቸው። ጋሼ አላዘኑም፤ ይልቁንም ዐይናቸው በራ። ዘበኛው ሰዓት ማለፉን ሲያስታውቀን ስንት ፉርጎ ድንጋይ እንደሚበቃ ገና በጣታቸው እየቈጠሩ ነበር።