ሳውንድ ካርድ ለአንድ ማሲንቆ

ኅዳር 4 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ መካነ ሰላም
አጎቴ ከማሻ መጥተው ሰንብተዋል። ማታ ማሲንቆአቸውን ከግድግዳ አውርደው የአምባሰልን ቅኝት ሲገዘግዙ በላፕቶፑ ማይክ ቀዳኋቸው። መልሼ ስሰማው ዜማው እየተቆራረጠ ይጠፋል። የላፕቶፕ ማይክ ለንግግር የተሠራ ነው፤ ሳይቋረጥ የሚሳብ ድምፅ ሲመጣ ጫጫታን የሚያጠፋው ሶፍትዌር የማራገቢያ ድምፅ መስሎት ይቆርጠዋል። የውጭ ሳውንድ ካርድ ሊገዛ ነው።

ኅዳር 7
በሠርግ ድምፅ ማጉያ የሚያከራየውን ጓደኛዬን አማከርሁት። «መጀመሪያ ማይክህን ንገረኝ» አለኝ። ያለኝ ዳይናሚክ ነው። ኮንደንሰር ቢሆን 48 ቮልት ፋንተም ፓወር ይጠይቅ ነበር፤ የኔው ግን ያለ እሱ ይሠራል። ችግሩ ሌላ ነው፦ ዳይናሚክ ማይክ የሚሰጠው ሲግናል ደካማ ነው፣ ማሲንቆም ባለ አንድ ጭራ ለስላሳ መሣሪያ ነው። ስለዚህ ጌይኑ እስከ 60 ዴሲቤል አካባቢ ሲከፈት ሽሽ የማይል ካርድ ያስፈልገኛል። ለሠርግ ዘፋኝ ይህ ብዙም አያስጨንቅም፤ እሱ ማይኩን አፉ ውስጥ ከቶ ነው የሚጮኸው።

ኅዳር 9
ቤህሪንገር ዩኤምሲ22 እና ፎከስራይት ስካርሌት ሶሎ የማይክ መግቢያቸው አንድ ብቻ ነው። ዩኤምሲ202ኤችዲ እና ስካርሌት 2አይ2 ሁለት አላቸው። አዝማሪ እየመታ ይዘፍናል፤ በአንድ ማይክ ከተቀዳ ድምፁንና ማሲንቆውን በኋላ ማመጣጠን አይቻልም። ወሰንሁ፦ ባለ ሁለት።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው 192 ኪሎኸርዝ አላማለለኝም። የሰው ጆሮ ከ20 ኪሎኸርዝ በላይ አይሰማም፤ 48ቱ ይበቃል። የሚጠቅመኝ 24 ቢቱ ነው፦ ዝቅ አድርጌ ብቀዳ እንኳ ድምፁ አይቆሽሽም፤ አጎቴም ግጥሙ ሞቅ ሲላቸው ድንገት ከፍ ቢሉ አይፈነዳብኝም።

ኅዳር 12
ጓደኛዬ የራሱን ዩኤምሲ202ኤችዲ ለአንድ ቀን አዋሰኝ። ኃይሉን በዩኤስቢ ከላፕቶፑ ስለሚወስድ የራሱ ሶኬት አያስፈልገውም። ስቀዳ መሀል ላይ መብራት ሄደ፤ ቀረጻው ግን ቀጠለ። እንዲያውም ቻርጀሩ ሲሞት ከሥር ሲያጉረመርም የነበረው እምምታ አብሮ ጠፋ። ከእንግዲህ መብራት ቢኖርም ቻርጀሩን ነቅዬ ነው የምቀዳው።

ኅዳር 19
ካርዱን እንዲገዛልኝ የላክሁት የወንድሜ ልጅ ከአዲስ አበባ ሱቅ ውስጥ ሆኖ ደወለ። «ጋሼ፣ ረከስ ያለ አለ፤ ግን ማይኩ አንድ ነው።»
«ተወው። ሁለት የማይክ መግቢያ፣ 48 ቮልት ማብሪያ፣ የዩኤስቢ ገመዱ። ከመክፈልህ በፊት ላፕቶፕ ላይ ሰክተህ ሁለቱንም በየተራ ሞክር።»
48 ቮልቱን የጠየቅሁት ወደፊት ኮንደንሰር መግዛቴ ስለማይቀር ነው። በተረፈ በአንድ ጊዜ አንድ አዝማሪ ለሚቀዳ ሰው ባለ ስምንት መግቢያ ካርድ ገንዘብ ማባከን ነው።

ኅዳር 28
ካርዱ ደረሰ፤ ካሰብሁት ጋር አንድ ዓይነት ነው። አንዱን ማይክ ለአጎቴ አፍ፣ ከጓደኛዬ የተዋስሁትን ለማሲንቆው ቆዳ አቀረብሁ፤ ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል ላይ እንዲቆም ጌይኑን ለካሁ። ሲጨርሱ ሄድፎኑን አደረግሁላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ጥቂት አዳመጡና፣
«ደጋኑ ዕጣን አንሶታል፤ ስማ፣ ይንሸራተታል» አሉ።
እኔ አልሰማሁትም ነበር። ዕጣኑን አውጥተው የደጋኑን ጭራ አሹና እንደገና ከመጀመሪያው መቱ። ሁለቱን ቅጂዎች አስተያየሁ፦ በሁለተኛው የእያንዳንዱ ስበት መነሻ ጥርት ብሎ ይሰማል። ጥሩ ካርድ ማለት አጎቴ የሚሰሙትን ለእኔም የሚያሰማኝ ነው።

አሁን ወደ ማሻ ይዘውት ሊሄዱ በሞባይላቸው ጫንልኝ ብለዋል። በሁለት ማይክ የተቀዳ አንድ ሰዓት አንድ ጊጋባይት ያህል ይይዛልና ለእሳቸው በኤምፒ3 አሳንሼ፣ ዋናውን በሁለት ፍላሽ አስቀምጣለሁ። የባቲ ቅኝቱ ቀረጻ ለነገ ተቀጥሯል።