አይቼ ዝም ያልሁት ደረጃ

አንባቢ ሆይ፤ አንተም እንደ እኔ በሰው ቤት ተከራይተህ የምትኖር ተማሪ ወይም የመንግሥት ሠራተኛ ከሆንህ፣ የደረሰብኝን ነገር ላጫውትህ።

በሐብሩ ወረዳ በመርሳ ከተማ ለማስተማር በሄድሁ ጊዜ የተከራየሁት ክፍል ፎቅ ላይ ነበር። ወደ ላይ የሚያወጣው ደረጃ የእንጨት ሲሆን አንደኛውን እርከን ምስጥ በልቶት ነበር። ይህንንም ገና በመጀመሪያው ሳምንት አየሁ፤ ከዚያ ወዲህ እርሱን እየዘለልሁ መውጣትና መውረድ ለመድሁ። የቤቱ ባለቤት እትዬ ግን ቡና ሲያፈሉ ሳይጠሩኝ የማይጠጡ፣ ኪራይ ሲዘገይባቸው ፊታቸውን የማያጠቁሩ ሴት ናቸውና፣ «ደረጃውን ያሠሩት» ለማለት ይሉኝታ ያዘኝ።

አንድ ቀን ወደ ማታ አንድ ተማሪዬ የክፍሉን ልጆች ደብተር ተሸክሞልኝ ሲወጣ ያንኑ እርከን ረገጠ። እንጨቱ ከዳው፤ ልጁም ወድቆ ቀኝ ክንዱ ተሰበረ። እትዬ «የእግዜር ቍጣ ነው» እያሉ አለቀሱ። ገበሬው አባቱም «ምን ይደረግ፣ የመጣበት ነው» ብለው ዝም አሉ።

እኔ ግን የፍትሐ ብሔር ሕጉን ገልጬ አነበብሁ። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው ይህ ሕግ በቁጥር 2077፣ የሕንጻ ባለቤት ሕንጻው ላደረሰው ጉዳት፣ ያልታሰበ ጉዳት ቢሆን እንኳ፣ ኃላፊ ነው ይላል። ስለዚህ «አላወቅሁም ነበር» ማለት ባለቤቱን አያድነውም። ተጎጂውም ካሣውን ለመጠየቅ ክሱን በ2 ዓመት ውስጥ ማቅረብ አለበት። ይህን ለሁለቱም ወገን አስረዳሁ፤ እትዬም በሽማግሌ ፊት የሕክምናውን ወጪ ከፈሉ፤ ደረጃውንም አሳደሱ።

ልቤን የወቀሰው ግን ሌላው የሕጉ ድንጋጌ ነው። የሌላ ሰው ሕንጻ ጉዳት ያደርስብኛል ብሎ የሚሠጋ ሰው፣ ባለቤቱ አደጋውን የሚያስቀር ጥንቃቄ እንዲያደርግ ሊጠይቅ ይችላል። እንግዲህ ከአደጋው በፊት የመናገር መብት ነበረኝ፤ እኔ ግን በይሉኝታ ቀበርሁት።

ልጁ ክንዱ እስኪድን ድረስ በግራ እጁ ሲጽፍ ከረመ። አንድ ቀን «ጋሼ፣ መበስበሱን አላየሁም ነበር» ሲለኝ የምመልሰው ጠፋኝ፤ እኔ አይቼ ነበርና።

ስለዚህ ወዳጄ ሆይ፤ የላላ መደገፊያ፣ የተሰነጠቀ ግድግዳ፣ ክዳን የሌለው ጉድጓድ ባየህ ጊዜ ለባለቤቱ በትሕትና ንገረው። ይህ ጠብ መፈለግ አይደለም፤ እርሱንም ከዕዳ፣ የሰውንም ልጅ ከስብራት ማዳን ነው።